ውሃ የሚያልፍበት ካብ

ሊማሊሞን በመኪና ያለፈ ሰው የሚያስታውሰው ገደሉን ነው። ከደባርቅ ወጣ እንዳሉ ሜዳው ያልቃል፤ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ በመስኮት በኩል የተቀመጠው ተሳፋሪ ማማተብ ይጀምራል። ደፍሮ ወደ ውጭ የተመለከተ ካለ ከፊቱ የተደረደሩትን ሹል ተራሮች ያያል። መኪናውን የተሸከመውን ነገር ግን ከመኪና ውስጥ ሆኖ ማየት አይቻልም። ከመንገዱ ጠርዝ ሥር፣ ወደ ገደሉ በኩል፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ የቆመ ካብ አለ። እሱን ለማየት ከመኪና ወርዶ በእግር መሄድ፣ አንድ ኩርባ ዝቅ ማለትና ከዚያ ወደ ላይ መመልከት ያስፈልጋል።

ሊማሊሞ ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ የተመቸ ቦታ ነው። ማለዳ ከጎንደር የተነሣ ሰው ረፋድ ላይ ደባርቅ ይደርሳል። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስጎብኚና ጠመንጃ ያነገበ ስካውት ይዞ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ይሄዳል፤ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ከሰዓት በኋላ በአሮጌው የመኪና መንገድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ታች መኪና ይጠብቀዋል። አስጎብኚዎቹ ስለ ጭላዳና ስለ ዋልያ፣ ስለ ጅብራና ስለ ቅልጥም ሰባሪው አሞራ ጠንቅቀው ያስረዳሉ። በካቡ አጠገብ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ተብሎ ይታለፋል። እኔ በዚህ መንገድ ላይ ከሰው እጅ ሥራ ሁሉ የማስበልጠው እሱን ነው፤ በቅርብ ላየው ሰው ሙያው ድንጋይ ላይ ተጽፎ ይነበባልና።

ሙያውን ለመረዳት መጀመሪያ ተራራውን ማወቅ ይገባል። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ መሬቱ የደጋ መሬት ነው፤ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ ክረምት ላይ ጭቃው እግር የሚይዝ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከወልክፊት አፋፍ በኋላ ግን መንገዱ ወደ ድብ ባሕርና ወደ ዛሪማ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተነሣ እግረኛ ከሰዓት በኋላ በሸሚዝ ይቀራል፤ ገብሱ ከኋላው ቀርቶ ማሽላ ይቀበለዋል።

ይህ ሁሉ ገደል የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ በተደጋጋሚ እየተነጠፈ ረጋ። በአንዱ ንጣፍና በሌላው መካከል ረጅም ዘመን ሲያልፍ አመድና አፈር ተከማችቷል፤ በኋላ የመጣው ፍሰት እሱን አቃጥሎ ሸፈነው። ስለዚህ ዛሬ ገደሉን ከጎን ሆኖ ለሚያይ ሰው ጥቁሩ ጠንካራ ድንጋይ በደረጃ በደረጃ ቆሞ፣ በመካከሉ ቀላ ያለ ለስላሳ ንጣፍ ይታየዋል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅ ሰርጎ ይወርዳል፤ ቀዩ ንጣፍ ላይ ሲደርስ መውረጃ አጥቶ ወደ ጎን ይወጣል፤ እየወጣም ንጣፉን ይበላል። ሥሩ የተበላበት ጥቁር ድንጋይ አንድ ቀን ይናዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም በሊማሊሞ የሚሰማው የናዳ ድምፅ ከዚህ የመጣ ነው። እንግዲህ እዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ዋናው ባላጋራው ውሃ ነው፤ ቁልቁለቱ ሁለተኛ ነው።

መንገዱ ከመኪና በፊትም ነበረ። ከጎንደር ወደ አድዋና ወደ ምጽዋ የሚወርዱ ነጋዴዎች በዚሁ ገደል ነበር የሚያልፉት፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. የካቲት ላይ ወደ ጎንደር የወጣው በሊማሊሞ ነው፤ በጉዞ መጽሐፉም ስለ አቀበቱና በመንገዱ ላይ ስለሚከፈለው ቀረጥ ጽፏል። የነጋዴው መንገድ የበቅሎ ሳንባ እስከፈቀደ ድረስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ዛሬም ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህያቸውን እየነዱ ጠመዝማዛውን እየቆረጡ የሚሄዱባቸው አቋራጮች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ጥቂት የወጣ ሰው በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለውን የአስተሳሰብ ልዩነት በጉልበቱ ያውቀዋል።

የመኪናው መንገድ የተሠራው የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ፣ ጎንደርን ከአስመራ ለማገናኘት በነበረው ጥድፊያ ነው። የጭነት መኪና ደግሞ እንደ በቅሎ አይወጣም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በየመቶ ሜትሩ ሰባት ሜትር ብቻ ይውረድ ከተባለ 1,000 ሜትር ለመውረድ ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ያስፈልጋል። ገደሉ ግን ያን ያህል ርዝመት ቀጥ አድርጎ የሚያስኬድ ቦታ የለውም። ስለዚህ መንገዱ በራሱ ላይ እየታጠፈ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሆኖ ይወርዳል። ከአፋፉ ላይ ሆነው ሲያዩት ከሥር አራት አምስት እጥፋት አንድ ላይ ይታያሉ። ፎቶ የሚነሣው ይህ ነው። የእጥፋቱን ብልሃት ግን ማጠፊያው ላይ ቆመው ይመልከቱ፤ ቁልቁለቱ እዚያ ላይ ይለዝባል፣ ወርዱም ወደ ውጭ ይሰፋል። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የዚያ ዘመን ፊያት ከባድ መኪና መሪውን እስከ መጨረሻ ሲያዞር የኋላ ጎማው የት እንደሚያልፍ የተረዳ ሰው ነው ያንን የሰፋ ጠርዝ ያሠመረው። ለዚያ ስፋት ሲባል ከገደሉ በኩል መሬት መጨመር ነበረበት። መሬቱን የያዘው ካቡ ነው።

አሁን ወደ ካቡ እንቅረብ።

መጀመሪያ ከጎኑ ቆመው ይመልከቱት። ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ተራራው አዘንብሏል። ከታች ሰፊ ነው፤ ወደ ላይ ሲሄድ እየሳሳ ወደ ኋላ ይጋደማል። ከበስተጀርባው ያለው አፈር ወደ ገደሉ ሲገፋው፣ የካቡ ክብደት ደግሞ መልሶ ወደ አፈሩ ይጫናል። ሁለቱ እየተገፋፉ ይተካከላሉ። ቀጥ ብሎ የተካበ ካብ ለዓይን የበለጠ የተስተካከለ ይመስላል፤ ትንሽ ሲገፋ ግን ሆዱን ያወጣል፤ ሆዱን ያወጣ ካብ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም።

ቀጥሎ ፊት ለፊት ሆነው መጋጠሚያዎቹን በዓይን ይከተሉ። በጥሩው ካብ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መሥመር ቶሎ ይቋረጣል። ሁለት ድንጋዮች የተገናኙበት ቦታ ላይ ሦስተኛ ድንጋይ ተቀምጦበታል፤ የዚያኛው መጋጠሚያ ላይም እንደዚሁ። መጋጠሚያው ሦስት አራት ረድፍ ቀጥ ብሎ የወረደበት ቦታ ካገኙ እዚያ ላይ የሠራው ሰው ደክሞት ወይም ተቻኩሎ ነበር፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። አንድ ሰዓት በካቡ አጠገብ የሄደ እግረኛ የተለያዩ እጆችን መለየት ይጀምራል። አንዱ ትልልቅ ድንጋይ ይወዳል፤ ክፍተቱን በጥቃቅን ይሞላል። ሌላው መካከለኛ ድንጋይ መርጦ፣ አንዱን ከአንዱ ጋር አጋጥሞ፣ መሙያ ሳይፈልግ ይሄዳል። የዚህ የሁለተኛው ሥራ ሲታይ እጅግ ያስደስታል፤ የሥራው ፍጥነት ሳይሆን የምርጫው ትዕግሥት ነው የሚታየው። ጥቁሩ ድንጋይ እንደ ለስላሳ ድንጋይ በፈለጉት በኩል አይሰነጠቅም። በገዛ ራሱ መንገድ ይፈርሳል። ስለዚህ ካቢው ድንጋዩን ጠርቦ ለቦታው ከማዘጋጀት ይልቅ፣ ከክምሩ ውስጥ ለቦታው የተወለደውን መፈለግ አለበት። መዶሻው የሚያርፈው አንድ ጥግ ለማንሣት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ነገር ደግሞ ፊት ለፊት የማይታየው ነው። ረጅም ድንጋይ ያገኘ ጀማሪ ርዝመቱን ወደ ፊት አድርጎ ያጋድመዋል፤ ብዙ ቦታ ይሸፍንለታል፤ ካቡም ቶሎ ያድጋል፤ ያምራልም። እንዲህ የተቀመጠ ድንጋይ ግን ከላይ የተለጠፈ ቆዳ ነው፤ ተራራው ሲገፋው የሚይዘው የለም። አዋቂው ርዝመቱን ለተራራው፣ ጫፉን ለተመልካች ይሰጣል። ከውጭ የጭንቅላት ያህል ብቻ የሚታየው ድንጋይ ወደ ውስጥ እንደ መንጋጋ ጥርስ ሥሩን ሰድዶ ተቀምጧል። ካቡ የተናደበት ቦታ ላይ ቆመው የተቆረጠውን ጎን ቢያዩ ይህን ሁሉ ያገኙታል፤ ፊት ላይ ያሉት ድንጋዮች ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደዘለቁ፣ ከጀርባቸው አፈር ሳይሆን በእጅ የተጠቀጠቀ ኮረት እንደተሞላ፣ ሽብልቆቹ ከውስጥ በኩል እንደገቡ ይታያል። ከፊት የተሰካ ሽብልቅ መንገዱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ ከጀርባ የገባው ግን ጭነት ሲመጣ ይበልጥ ይጠብቃል።

ኖራም ሲሚንቶም የለውም። እዚህ ላይ ነው የሊማሊሞ ካብ ወደ ዋናው ነገር የሚመጣው። የተራራ መንገድን ካብ ብዙ ጊዜ የሚጥለው የመኪናው ክብደት አይደለም። ከካቡ ጀርባ መውጫ አጥቶ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከጀርባ ቢታቆር በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ ሁለት ቶን ያህል ግፊት ይጨምራል፤ ያውም የረጠበው አፈር ራሱ የሚጨምረው ሳይቆጠር። በሲሚንቶ የተደፈነ ግንብ ይህን ግፊት ሁሉ ብቻውን መሸከም አለበት፤ ስለዚህ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ይተውለታል፤ ቀዳዳው ሲደፈን ግንቡ ይወድቃል። የደረቅ ካብ ግን ሁለመናው ቀዳዳ ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ከእያንዳንዱ መጋጠሚያ ውሃ እየተንጠባጠበ ይወጣል። መንገዱ ትንሽ ቢሰምጥ ደግሞ ሳይሰነጠቅ አብሮ ይሰምጣል፤ ድንጋዮቹ ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ይያያዛሉ። አንዳንድ ቦታ አሮጌ ካብን ለማጠናከር ተብሎ ፊቱ በሲሚንቶ ይለሰናል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የካቡን መተንፈሻ መድፈን ነው፤ የመናድን ቀን ያቀርባል እንጂ አያርቅም። በሽቦ መረብ ውስጥ ድንጋይ የሚሞላበት ጋቢዮን የተሻለ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፤ ይተጣጠፋል። መልኩ ሣጥን ስለሆነ ብቻ አላዋርደውም፤ የካቡ ዘመድ ነው።

ካቡ የሚቆመው ደግሞ ቦዩ ሥራውን ከሠራ ነው። በመንገዱ ውስጠኛ በኩል፣ ተራራው ሥር፣ አንድ ቦይ አብሮ ይወርዳል። የመንገዱ ወለል ራሱ ወደዚያ ቦይ ትንሽ ያዘነበለ ነው፤ ዝናቡ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሄዶ ካቡን እንዳይሸረሽር። ቦዩ ግን ብዙ ውሃ ይዞ ረጅም መሄድ የለበትም፤ በሄደ ቁጥር ይፈጥናል፤ በፈጠነ ቁጥር ይቆፍራል። ስለዚህ ተራራው በታጠፈበት፣ ፈፋ በመጣበት ሁሉ ከመንገዱ ሥር መሹለኪያ ተሠርቶለታል። በበጋ ጎንበስ ብሎ አንዱን ማየት ይቻላል። በመግቢያው በኩል ትንሽ ጉድጓድ አለ፤ ውሃው ይዞት የመጣው ጠጠርና ቅጠል ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እዚያ እንዲረጋ ነው። በመውጫው በኩል ድንጋይ ተነጥፏል፤ ከመሹለኪያው በኃይል የሚወጣው ውሃ መሬት ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ ወድቆ ጉልበቱ እንዲሰበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንደዚህ ያለውን ነው፤ በጋ ላይ ጠብ የማይልበት ፈፋ በነሐሴ መንገድ ይቆርጣል። ያንን ንጣፍ ሹፌር አያየውም፤ ተሳፋሪም አያየውም። ከመንገድ በታች ያለ፣ ማንም እንዲያየው ያልታሰበ ሥራ ነው። ሆኖም ድንጋዮቹ ፊት ለፊት ካለው ካብ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ተጋጥመዋል፤ የአንድን ሙያተኛ ልክ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

መንገዱን ያዘዘው ወራሪ ነበር፤ ዓላማውም አገር መግዛት ነበር። ይህን መሸፈን አይገባም። በወልክፊት መሽጎ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ለወራት ተከቦ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ፣ ጎንደርም በዚያው ዓመት ኅዳር ነፃ ስትወጣ፣ ከሠሪው የተረፈው መንገዱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህም መንገዱ ስንቅና ነጋዴ፣ ተማሪና ሙሽራ አሳልፏል፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ እንደገና ጦር ወጣበት። የካቡን ጥበብ ማድነቅ ወራሪን ማመስገን የሚሆነው ሙያውን ለአዛዡ ስንሰጥ ነው። ድንጋዩን ያነሣው እጅ ግን የሌላ ነው። ኢጣሊያውያን ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋርም ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን። የሰሜን ገበሬ ደግሞ ካብ ለማየት መንገድ እስኪሠራለት አልጠበቀም። በደባርቅና በጃናሞራ ቁልቁለቶች እርሻውን ከጎርፍ የሚጠብቀው፣ ግቢውን የሚያጥረው፣ የከብቱን በረት የሚሠራው በደረቅ ካብ ነው። በጎንደር የግንብ ሥራ ስማቸው የሚነሣው የቤተ እስራኤል ግንበኞችም ኖረው የሠሩት በዚሁ አካባቢ ነው። ድንጋይ ለሚያውቅ ሕዝብ ነው መንገዱ የመጣው።

ስለ እንዲህ ያለ መንገድ ሳስብ ጃፓን ትዝ ትለኛለች። ከቶኪዮ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ርቀት ላይ ሃኮኔ የሚባል ተራራማ አገር አለ። የቶኪዮ ሰው በዕረፍት ቀኑ ጠዋት ወጥቶ ተራራውን በእግር ያቋርጣል፤ ማታ ከመመለሱ በፊት በፍል ውሃ ይታጠባል። ሃኮኔን ያቋርጥ የነበረው ከኤዶ ወደ ኪዮቶ የሚወስደው ትልቁ የእግር መንገድ ነው። ጭቃው ተጓዡን ያስቸግር ስለነበር መጀመሪያ በየዓመቱ ቀርከሃ ያነጥፉበት ነበር፤ ቀርከሃው በየዓመቱ ይበሰብሳል። እ.ኤ.አ. በ1680 ድንጋይ ተነጠፈበት፤ ጎንደር ላይ አጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ዛሬም በዛፍ ጥላ ሥር የሚሄድበት ሰው ድንጋዮቹ ሥር በተጠቀጠቀ ጠጠርና አፈር ላይ መቀመጣቸውን፣ በየቦታውም ውሃን ከመንገዱ ወደ ጎን የሚያወጣ ሰያፍ ቦይ መሠራቱን ያያል። ባሕሩም ዘመኑም ቢለያይ ሐሳቡ ከሊማሊሞ ጋር አንድ ነው፤ ውሃን አትገትረው፣ ቶሎ አሰናብተው። ልዩነቱ እዚያ እግረኛው ሁሉ ይህን እንዲያይ መደረጉ ነው። የድንጋዩ አነጣጠፍ በመንገዱ ዳር በሥዕል ተገልጾ ተሰቅሏል፤ ልጆች ቆመው ያነባሉ።

መታጠቢያው ላይ ግን ጥበቡ ይገለበጣል። እዚያ ውሃው መያዝ አለበት። የጃፓን ባለሙያ ከጥድ ዘመድ እንጨት የሚሠራው የመታጠቢያ ገንዳ ሳንቃዎቹ በጥብቅ ተገጣጥመው፣ ውሃ ሲጠጡ አብጠው፣ መጋጠሚያቸውን ራሳቸው ይዘጋሉ። መንገድ ላይ ክፍተት እንደሚያድን ሁሉ እዚህ ክፍተት ሥራ ያበላሻል።

ይህ የተገለበጠ ጥበብ ለኛም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍል ውሃ የሚወርዱ ሰዎች እዚያው መቆየት ስለፈለጉ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አቅራቢያ ቤት አሠሩ። በደራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ፣ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ዛሬም ሕመምተኛና ደካማ ይቀበላል። ከሊማሊሞ ወደ ጎንደር ለሚመለስ እግረኛ ደግሞ በቅርብ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንዱ በፋሲል ግቢ ውስጥ፣ ከበካፋ ግንብ አጠገብ ያለው ወሸባ ነው፤ በእንፋሎት የሚታጠቡበት ትንሽ ቤት፤ በአንድ በኩል እሳት የሚነድበት ቦታ፣ በጣሪያው ላይ እንፋሎቱ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ይታዩበታል። ሌላው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ፣ በአጼ ፋሲል ስም የሚጠራው መዋኛ ነው። ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 30 ሜትር ገደማ የሆነ የግንብ ገንዳ፤ ለጥምቀት ከቀሃ በቦይ ውሃ ይገባለታል። በሊማሊሞ የተከለከለው ኖራ እዚህ ዋናው ነገር ነው። ኖራ በአገራችን የታወቀው በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ነው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ትውልድ ውስጥ የጎንደር ግንበኞች ውሃ በሚያህል ጭነት ላይ አመኑት። በግቢው አጥር ላይ የዛፍ ሥሮች ድንጋዩን አቅፈው ይዘውታል። ጎብኚ ሁሉ ሥሮቹን ፎቶ ያነሣል፤ እኔ ግን ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ውሃው ሲለቀቅ፣ የገንዳውን ውስጠኛ ግድግዳና ደረጃ እንዲያዩ እመክራለሁ። ሥራው ያለው እዚያ ነው።

ደባርቅ ፍል ውሃ የላትም። ግን እግረኛን በሙቅ ውሃ መቀበል የደጋው ሰው የቆየ ወግ ነው። እንግዳ ሲመጣ ውሃ ይሞቃል፤ ገበቴ ይቀርባል፤ ከቤቱ ልጆች አንዱ ወይም አንዷ ዝቅ ብሎ የመንገደኛውን እግር ያጥባል። ከሊማሊሞ አቀበት በኋላ ይህ የሚሰጠውን ዕረፍት ማንም ፍል ውሃ አይበልጠውም። ገበቴውም ራሱ ይታይ። ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ያለ መጋጠሚያ፣ ያለ ምስማር። ጠራቢው የግንዱን ቃጫ ተከትሎ ከመሐል ወደ ዳር እያሳሳ ይሄዳል፤ ከታች ወፈር አድርጎ ይተወዋል፤ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ የእጅ መያዣውን ከዚያው እንጨት ያወጣዋል። የመጥረቢያው ምት በውስጡ እንደ ትንንሽ ሞገድ ቀርቶ ይዳሰሳል። አሁን ፕላስቲክ ሳፋ ገበቴን እየተካ ነው፤ ሳፋው ቀላልና ርካሽ ነውና አልፈርድም። ጥሩ ገበቴ ያለው ቤት ግን እንዳይጥለው እለምናለሁ።

በገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ሊማሊሞ ሎጅም በዚህ ወገን መቆጠር ያለበት ሥራ ነው። ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ በሳንቃ መካከል ትንሽ የረጠበ አፈር እየተጨመረ፣ እየተደቀደቀ፣ ንጣፍ በንጣፍ ያደገ። ሳንቃው ሲነሣ ንጣፎቹ በመሥመር ይታያሉ፤ ከፊት ለፊቱ ካለው ተራራ ንጣፍ ጋር ይነጋገራሉ። እዚህም የሚያሰጋው ውሃ ነው፤ የአፈር ግድግዳ ከላይ ሰፊ ጣሪያ፣ ከታች የድንጋይ መሠረት ካገኘ ብዙ ይኖራል። አዲስ ሕንፃ ሲሚንቶና ብሎኬት ብቻ መሆን አለበት ለሚል የደባርቅና የዳባት ወጣት ግንበኛ፣ በአፋፉ ላይ ቆሞ ሊያየው የሚገባ ማስረጃ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ የጥገና ነው። የሊማሊሞ ካብ የቆየው በጥሩ ሁኔታ ስለተካበ ብቻ አይደለም፤ አካፋ የያዙ ሰዎች በየዓመቱ ቦዩን ስለጠረጉለት ነው። የመሹለኪያው ጉድጓድ በጠጠር ከሞላ ውሃው መንገዱን ተሻግሮ በካቡ ራስ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የማንም ካቢ ጥበብ አያድነውም። ጠረጋው በግንቦት፣ ሰኔ ሳይገባ ይሠራ። የተናደው ካብ ሲመለስም ከሥሩ ወድቆ የተቀመጠው ድንጋይ ይሰብሰብ፤ በዚያው በደረቁ ይካብ፤ እርሻውን በካብ ያጠረ ገበሬ በአካባቢው አለና እሱ ተጠርቶ ለወጣቶቹ ያሳይ፤ የሙያ ዋጋም ይከፈለው። የደባርቅ አስጎብኚዎች ደግሞ በስልጠናቸው ውስጥ አንድ ግማሽ ቀን በመንገዱ ላይ ይሰጣቸው፤ እንግዳውን ከጭላዳው ቀጥሎ ወደ ታችኛው ኩርባ አውርደው፣ ካቡ ፊት አቁመው፣ የድንጋዩ ርዝመት በየት በኩል እንደገባ ያሳዩት።